የጋኖቹ ቆጠራ፦ አንድ ሳምንት በካርቱም

ስለ ካርቱም ሙቀት የነገሩኝ ሰዎች ሁሉ አሳንሰው ነው የነገሩኝ። ይህን አስቀድሜ መጻፌ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ላቡን እየጠረገ በሚሄድ ሰው ዓይን የታየ መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው። ጉዞው ከተማዪቱን ጦርነት ሳያገኛት በፊት የተደረገ ነው፤ ማስታወሻውንም ያኔ ተመልሼ እንደጻፍሁት ትቼዋለሁ።

እኔ ጎንደር ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ስል እናገራለሁ ማለቴ ነው። ቆሜ እናገራለሁ፣ ተማሪዎቼ ይጽፋሉ፣ በፈተና ቀን የተናገርሁትን መልሰው ያስረክቡኛል። በቤተ ሙከራም ውጤቱ ከጥንት የታወቀ ሙከራ እናሠራቸዋለን፤ ውጤቱ እንቢ ያለው ተማሪ ከጓደኛው ገልብጦ ይገላገላል። ዶክተር ሰልማ ከምትባል የካርቱም መምህርት ጋር የተዋወቅሁት በኢንተርኔት በተደረገ የመምህራን ሥልጠና ላይ፣ በዚሁ ጉዳይ ተከራክረን ነው። የእሷ ተማሪዎች ገና ዲግሪያቸውን ሳይዙ ራሳቸው ጥያቄ አንሥተው ራሳቸው ይመራመራሉ፤ እሷ ክፍል ገብታ መልስ አትናገርም። መምህር አፉን ዘግቶ እንዴት ያስተምራል ብዬ ሞገትኋት። መጥተው ይዩ አለችኝ። ዕረፍት ላይ ነበርሁና ሄድሁ።

ሐሙስ

ከጎንደር ወደ መተማ የወረድሁት በሚኒባስ ነው። መንገዱ ቁልቁል በሄደ ቁጥር ተሳፋሪው አንድ አንድ ልብሱን ያወልቃል። ገንዳ ውሃ ስንደርስ ሹራቤም ጃኬቴም ጭኔ ላይ ነበሩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ የሽንኩርት ከረጢቷን እግሬ ላይ ስለጫነችው መንቀሳቀስም አልቻልሁም። መተማ ያደርሁበት ክፍል ምድጃ ሆነብኝ። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሲያላበኝ አይታ፣ ሳልጠይቃት፣ አልጋዬን ከነአጎበሩ ግቢ አውጥታ ዘረጋችልኝ። ጎንደር ብሆን ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ነበር።

ዓርብ

ለአስተናጋጆቼ የያዝሁት በርበሬ ድንበር ላይ ችግር ፈጠረብኝ። የሱዳኑ ፈታሽ ምንድን ነው ሲለኝ ቋንቋ ስለሌለኝ በጣቴ ወደ አፌ አመለከትሁት። ቋጠሮውን ፈታና አፍንጫውን አስጠግቶ በኃይል ሳበ። ማስነጠሱ አላቆም ሲለው ባልደረቦቹ ከየቢሮው ብቅ ብቅ አሉ፤ እኔ የታሰርሁ መስሎኝ ሻንጣዬን አቅፌ ቆምሁ። ዓይኑን እየጠረገ መሳቅ ሲጀምር ነው ነፍሴ የተመለሰችው። ቋጠሮውን መልሶ አሰረልኝና በእጁ ሂድ አለኝ።

ከገዳሪፍ ወዲያ መሬቱ ሁሉ ሜዳ ነው። ተራራ ለለመደ ዓይን ማረፊያ የለውም፤ የሚያየውን አጥቶ እንቅልፍ ይወስደዋል። ለጁምዓ ሶላት አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሁሉ ሰግዶ ሲጨርስ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ትሪ ከበው ተቀመጡና ጠሩኝ። በጨዋ ደንብ ጠግቤያለሁ ብዬ ደረቴን ነካሁ። በእኛ አገር እንብላ ያለ ሰው እግዜር ይስጥልኝ ሲባል ይበቃዋል፤ ሽማግሌው ግን ተነሥተው እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ፉል ነው፣ የተቀቀለ ባቄላ በሰሊጥ ዘይት። እንዴት እንደምበላ እስኪገባኝ ድረስ እሳቸው ዳቦ እየቆረሱ በፊቴ ያስቀምጡልኝ ነበር።

አመሻሽ ላይ ካርቱም ገባሁ። ሰልማ ማደሪያ ያዘችልኝ አርካዊት ሰፈር፣ የአንዲት ተማሪዋ ወላጆች ቤት ነው፤ ወላጆቿ የወሎ ሰዎች ናቸው። የቤት ቁጥር ስድሳ አምስት ብላ በስልክ ልካልኛለች። ረክሻ የሚሉት ባጃጅ መንገዱ ጫፍ ጥሎኝ ሄደ፤ እኔም በየበሩ ያለውን ሰማያዊ ቆርቆሮ እያነበብሁ ጀመርሁ። ሰባ የሚል አየሁና አለፍሁ። ወደ ኋላ ስመለስ ያው ሰባ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሳልፍ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ የነበረ ሸበቶ ሰውዬ በአማርኛ ጠራኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ በእግርህ መንገዱን ልትጨርሰው ነው?»

አቶ ሰይድ እሱ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት። ስድሳ አምስትን ፈልጌ አጣሁ፣ ይህ ሰባ ነው ስለው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ወላሂ መምህር፣ አንተ ሰባት ያልካት እዚህ አገር ስድስት ናት። ክቧ ደግሞ አምስት ናት።» ዜሮስ ስለው በጣቱ አየር ላይ ነጥብ አደረገልኝ። «ዜሮ ይህቺው ናት፤ ነጥብ።» ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው ቁጥር አያውቅም ብሎ ሚስቱን ሊያስቅ ወደ ውስጥ ገባ።

ቅዳሜ

ቀኑን በመተዋወቅ ዋልን። አቶ ሰይድ ባሕሪ በሚባለው፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የከተማው ክፍል ጋራዥ ይሠራል፤ ካርቱም ሲገባ ጺም አልነበረውም፣ አሁን የሸበተ ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ ከድጃ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ጠዋት ሄዳ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። ልጃቸው ራቢያ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የሰልማ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ዓረብኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ አማርኛዋ ግን ይሰናከላል። «መምህር፣ አንተ ተኛህ ደኅና?» አለችኝ በጠዋት። እናቷ አንቱ በይ ብላ ተቆጣቻት። ራቢያም አሰበችና «አንቱ ተኛህ ደኅና?» አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ አንቱ እየተባልሁ እንደ አንተ ኖርሁ፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ለምሳ ኪስራ ቀረበልን። እንጀራ ነው ብዬ አነሣሁት፤ ከወረቀት ይሳሳል፣ ወጡ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል። ወይዘሮ ከድጃ ትዝብቴን አይታ፣ ያመጣሁትን በርበሬ በትንሽ ሳህን አጠገቤ አስቀመጠችልኝ። ከሰዓት አቶ ሰይድ ጋራዡን ሊያሳየኝ ይዞኝ ወጣ። ድልድዩ ላይ መኪናው ተጨናንቆ እንደቆምን፣ ከታች የሚያልፈው ውሃ ከእኛ አገር የወረደው ዓባይ መሆኑን ነገረኝ። ወንዙን እንኳን ደኅና መጣህ ልለው አሰብሁ፤ ሙቀቱ ግን አሳቤን አስጣለኝ።

እሑድ

እሑድ እዚያ የሥራ ቀን ነው፤ በጠዋት ክፍል ስገባ ቅዳሴ የቀረሁ ያህል ኅሊናዬ ወቀሰኝ። ሰልማ አጠር ያለች፣ ቶብ የሚሉትን ረጅም ጨርቅ የለበሰች፣ ፈጣን ሴት ናት። በር ላይ አንድ ቃል አስገባችኝ፦ ለተማሪ መልስ አልናገርም። ቀላል መስሎኝ እሺ አልሁ።

ተማሪዎቹ በየጠረጴዛው ከበው የየራሳቸውን ጥናት ይዘው፣ እንግሊዝኛና ዓረብኛ እየቀላቀሉ ይከራከራሉ። አንዱ ቡድን የሌላውን ሥራ ያነባል፣ ይጠይቃል፣ ያፋጥጣል። ሰልማ በመካከላቸው እየዞረች አንዳንድ ጥያቄ ትወረውራለች። አንዱ ሲሳሳት አይቼ ምላሴን ሲበላኝ ዓይኗን ወደ እኔ ትልካለች። የእኔ ክፍል ቢሆን በዚያ ጫጫታ ምክንያት ግማሹን አባርር ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ተማሪዎቼ ስለ ሳይንስ ሲጣሉ አይቼ አላውቅም፤ ቀናሁ።

የራቢያ ጥናት ስለ ቢምቢ ነው። በካርቱም ግቢዎች ዚር የሚባል፣ የእኛን ጋን የሚመስል የሸክላ ውሃ ማቀዝቀዣ አለ። ጋኑ ክዳን ሲኖረው የቢምቢ እጭ ምን ያህል ይቀንሳል ብላ ነው የጠየቀችው። ችግሩ ማን በሰው ግቢ ገብቶ ጋን ይከፍታል የሚለው ነበር። በየግቢው የሚገቡት እናቷና የእናቷ ጓደኞች ናቸው። ከወሎ የመጡ አሥራ ሁለት የቤት ሠራተኞች በየሚሠሩበት ግቢና በጎረቤት ያሉትን ጋኖች፣ የተከደነውንም ያልተከደነውንም፣ በየሳምንቱ በጣሳ እየቀዱ እጩን ቆጥረው በዓረብኛ ቅጽ ላይ ሞሉላት። እንዲህ ያለ ብልሃት እኔ አላስብም ነበር።

ሰኞ

ራቢያ ሠንጠረዧን ለክፍሉ ለጠፈች፤ መከራዋም ጀመረ። ያልተከደኑት ጋኖች ሦስት፣ ስምንት፣ አሥራ አንድ፣ የተለያየ ቁጥር አላቸው። የተከደኑት ግን አምስት፣ አምስት፣ አምስት ናቸው። ከአርካዊትም፣ ከከተማው ዳር ካለው ከሶባም የመጣው ያው ነው። ሙኢዝ የሚባል ቁጥር የሚወድ ተማሪ ተነሥቶ፣ ተፈጥሮ እንዲህ አትደጋግምም አለ። ሴቶቹ ክዳኑን ማንሣት ሰልችቷቸው በዘፈቀደ አምስት እያሉ ሞልተውታል፤ ድሮስ ሠራተኛ ምን ሳይንስ ያውቃል፣ ቆጠራቸው ይጣል አለ። በክፍሉ ደንብ መሠረት እስከ ሐሙስ ማብራሪያ ያልተገኘለት መረጃ ከጥናቱ ይወጣል። የሴቶቹ ከወጣ ደግሞ ለራቢያ የሚቀራት ባዶ ወረቀት ነው። የከፋው ግን አሥራ ሁለቱ ሴቶች ሰነፎችና ውሸታሞች ተብለው መቅረታቸው ነው።

ቤት ስንደርስ ራቢያ በእናቷ ላይ ጮኸች። ዓረብኛና አማርኛ እየቀላቀለች፣ ክፍሉ ፊት አሳፈራችሁኝ፣ ሳትቆጥሩ ሞላችሁ አለቻት። ወይዘሮ ከድጃ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እኔ እናትሽ ነኝ፣ ምስክርነቴ አይያዝልሽም» አለቻት። «ሂጂና ሶባ የቆጠረችልሽን ዘምዘምን ጠይቂ።»

እንግዳ በሰው ጸብ መካከል ሲቀመጥ የሚያደርገውን አድርጌ፣ ሳህኔን ደጋግሜ ጠረግሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት ራቢያን ሴቶቹ የሞሉትን ወረቀት አሳዪኝ አልኋት። እስካሁን ያየሁት በኮምፒዩተር የተጻፈውን ብቻ ነበር። ወረቀቶቹ በእጅ የተጻፉ፣ አንዳንዱ ውሃ የነካው ነው። በተከደኑት ጋኖች ረድፍ ላይ ክብ፣ ክብ፣ ክብ ተደርድሯል። ሦስት ጊዜ ያለፍሁት የአቶ ሰይድ በር ትዝ ሲለኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። አፌን ከከፈትሁ በኋላ ቃሌን አስታውሼ፣ ሻዩ ጥሩ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ወደ ሰልማ እየሮጥሁ ደረስሁ ማለት ይቻላል። ሴቶቹ የጻፉት የእኛን አገር ዜሮ ነው፣ ልጅቱ የዓረብኛ አምስት አድርጋ ነው ያነበበችው፣ አሁኑኑ እንንገራት አልኋት። ወረቀቱን አየች፤ ፊቷ በራ። ከዚያ ግን እንደ ልማዷ በጥያቄ መለሰችልኝ።

«እርስዎ ሲያዩት ዜሮ ነው፤ እኔ ሳየው አምስት ነው። የጻፈችው ሴት ምን አለች?»

እሷን አልጠየቅንም አልሁ። እንግዲህ እርስዎም አያውቁም፣ ገምተው ነው አለችኝ። ለሃያ ዓመት መምህር የሆነ ሰው እንዲህ ሲባል አይወድም፤ እኔም ተናደድሁ። ብነግራት ልጅቱ ታምነኛለች፣ ሙኢዝም ያምነኛል፣ የሚታመነው ግን የውጭ አገሩ መምህር እንጂ ሴቶቹ አይደሉም። ይህን ሰልማ አልነገረችኝም፤ በረክሻ ስመለስ ራሴ ደረስሁበት። የፈቀደችልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

ማታ ራትን ስንጨርስ ጥያቄዬን ለራቢያ አቀረብሁ። ይህን ያህል ጋን ተቆጥሮ አንድ እጭ የሌለበት ንጹሕ ጋን እንዴት ጠፋ? ወረቀቶቹን አምጥታ ነጥብ ፈለገች፤ አንድም ነጥብ የለም። ነገ ሶባ እሄዳለሁ አለች።

ረቡዕ

ሶባ ሩቅ ነው። በሚኒባሱ ውስጥ አቶ ሰይድ፣ ራቢያና እኔ በአንድ መቀመጫ ተጣበን፣ ከጎንደር አዘዞ አሥር ጊዜ የመመላለስ ያህል ሄድን። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ሲቀይር አንዲት ሻይ ሻጭ የተቀመጠችበትን በርጩማ ለእኔ ለቀቀችልኝና እሷ በባልዲዋ ላይ ተቀመጠች። ፊቴ ቀልቶ ነበር መሰለኝ።

ዘምዘም የምትሠራበት ግቢ ሁለት ጋኖች ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመዋል፤ አንዱ ክዳን አለው። እመቤቲቱ ፈቅዳልን ገባን። ዘምዘም ከወይዘሮ ከድጃ ታንሳለች፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሰላም አለችን። ራቢያ ስለ ዜሮም ስለ አምስትም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አዲስ ቅጽ ሰጠቻትና፣ እኔ ቆሜ ልይ፣ እንደምታደርጊው አድርገሽ ቁጠሪልኝ አለቻት። መምህርቷን ሰልማን ያየሁ መሰለኝ።

ዘምዘም ክዳኑን አነሣች። ውሃውን በነጭ ጣሳ ቀዳች፤ ወደ ብርሃን ዞራ እያጋደለች ረጅም ጊዜ አየች። ሁለተኛ ቀዳች፣ ሦስተኛም። ከዚያ ተንበርክካ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ክብ ጻፈች።

«ስንት ነው?» አለች ራቢያ።

«ምንም የለበት።»

«ነጥብ ለምን አታደርጊም?»

«ነጥብማ ምኑ ይታያል? ዝንብ ያረፈበት ይመስላል» አለች ዘምዘም። «ሳልቆጥር ያለፍሁት እንዳይመስልብሽ ብዬ ነው። ዓርብ ስንገናኝ እናትሽ ናት የመከረችን፤ የልጄ ወረቀት ይጥራላት፣ ዜሮውን እንደ አገራችን አድርጉት ብላ።»

ሌላውን ቁጥር ሁሉ ከሱቅ በለመዱት በዓረብኛ ነው የሚጽፉት፤ ለልጅቱ ብለው የለወጡት ያቺን አንዷን ብቻ ነበር። እውነተኛ አምስት ሲሆንስ ብትላት፣ ለእሱ አናቱን ሾጠጥ እናደርገዋለን አለች። ራቢያ ዛፉን ተደግፋ አለቀሰች። ዘምዘም የሆነው አልገባትም ነበርና፣ ትሉን አገኘሽበት እንዴ ብላ ክዳኑን እንደገና አነሣች። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ ላብ ነው ብዬ አልዋሽም።

ከሰዓት በኋላ ራቢያ ለቀሩት ሴቶች አንድ በአንድ ደወለች፤ የየወረቀታቸውን ፎቶ ልካ እያንዳንዱን ክብ አስነበበቻቸው። የጻፈችው ሴት እርግጠኛ ያልሆነችባቸው ሁለት ክቦች ነበሩ፤ እነሱን ራቢያ ራሷ ሰረዘቻቸው። እጭ የሌለበት ጋን ሁሉ ዜሮ ተብሎ ከተቆጠረ በኋላ ክዳን ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ይጠቅማል። እናቷ ከሥራ ስትገባ ራቢያ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። ወይዘሮ ከድጃ ትከሻዋን ነካ አድርጋት አለፈች።

ሐሙስ

የመመለሻው መንገድ ያው የመሄጃው ስለሆነ አልጽፈውም፤ ለእኔ ጉዞው ያለቀው በዚህ ቀን ነው። ወይዘሮ ከድጃ ከአሠሪዋ ፈቃድ ጠይቃ ክፍሉ ድረስ መጣች። የበዓል ቶቧን ለብሳ ከኋላ፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችኝ።

ራቢያ የሶባውን ወረቀት አሳየች፣ ክቡንና ሾጣጣውን ጎን ለጎን አድርጋ። ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ምንም የሌለበትን ጋን እንዴት እንደሚጽፉት ሳልጠይቅ ቅጽ ሰጠኋቸው አለች። የአሥራ ሁለቱን ሴቶች ስም ከራሷ ስም ሥር ጽፋ ነበር፤ አንድ በአንድ አነበበችው። እኔ ዓረብኛ ባልሰማም ስሞቹን ለየኋቸው።

ሙኢዝ እጁን አወጣ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ያልተፈተነ ነገር አይዋጥለትም እንጂ። ወደ ኋላ ዞሮ ወይዘሮ ከድጃን አክስቴ ብሎ ጠራት። ራቢያ በኋላ እንደተረጎመችልኝ የጠየቃት እንዲህ ነው፦ ክቡስ ዜሮ ይሁን፤ ግን ማንም ሳያያችሁ ክዳኑን ሁልጊዜ ከፍታችሁ ለማየታችሁ ምን ማረጋገጫ አለን?

ሰልማን አየኋት፤ እሷ ግን የምታየው ወይዘሮ ከድጃን ነበር። ወይዘሮ ከድጃ ተነሥታ ቶቧን አስተካከለች፤ ስትናገር ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ልጄ፣ የቤቱ ሰዎች የሚጠጡት ከፍሪጅ ነው» አለችው። «ከጋኑ የምንጠጣው እኛ ነን።»

ሙኢዝ አንገቱን ደፋ፣ ይቅርታ ጠይቋት ተቀመጠ። ራቢያ ወረቀቷን ሰሌዳው ሥር ትታ በወንበሮቹ መካከል ወደ እኛ መጣች። እናቷ አጠገብ ያለው መቀመጫ የእኔ ነበር፤ ተነሥቼ ለቀቅሁላት።